ሳውዝ ቢች ዳይት ካርቦሃይድሬትን ያስቀራል ወይስ ይመርጣል?

ሳውዝ ቢች ዳይት እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ በመጽሐፍ መልክ ከወጣ ወዲህ «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ስም አልተለየውም። በጊዜው ጋዜጦች ካርቦሃይድሬትን በጥብቅ ከሚገድበው ከአትኪንስ አመጋገብ ጎን አስቀመጡት። ዛሬ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ክብደት መቀነስ የሚያስተምሩ ሰዎች ከኬቶ ጋር ደርበው ይጠሩታል። ያዘጋጁት ሐኪም ግን አመጋገባቸው ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬትም ዝቅተኛ ስብም እንዳልሆነ መጽሐፋቸው ገና ሲጀምር በግልጽ አስፍረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ነው ትክክል? በእኔ እምነት ሐኪሙ ናቸው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በግራም ሲለካ ሳውዝ ቢች ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ጊዜ መካከለኛ ከሚባለው ክልል ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ለመጽሐፍ ሻጭ ምንም ላይሆን ይችላል። ለስኳር ሕመምተኛ፣ ጥናት አንብቦ ለመወሰን ለሚፈልግ አንባቢ፣ እንዲሁም ዋነኛ ምግቡ እንጀራ ለሆነ ሰው ግን ብዙ ነገር ይለውጣል።

ከልብ ሕክምና የመጣ አመጋገብ

ዶክተር አርተር አጋትስተን ፍሎሪዳ ውስጥ በማያሚ ቢች ሲሠሩ የቆዩ የልብ ሐኪም ናቸው። በሙያቸው ዓለም የታወቁት ከአመጋገቡ በፊት ነው። በ1990 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ ያደረጉት፣ በልብ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የተከማቸ ካልሲየምን በሲቲ ስካን የመለኪያ ዘዴ ዛሬም በስማቸው እየተጠራ ይሠራበታል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስጨነቃቸው የታካሚዎቻቸው ሁኔታ ነበር። በዚያን ጊዜ ለልብ ሕመምተኛ የሚሰጠው ምክር ስብን መቀነስ ነበር። ብዙ ታካሚዎች ምክሩን ሰምተው ቅቤና ጮማ ተዉ፤ በቦታው ግን «ስብ አልባ» የሚል የተጻፈበትን ብስኩት፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ እርጎ ተኩ። ክብደታቸው አልቀነሰም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከፍ አለ፤ «ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል ወረደ። ሐኪሙ ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ ማሪ አልሞን ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ስቡን በጅምላ ከመከልከል ይልቅ የወይራ ዘይት፣ ዓሣና ለውዝ ፈቀዱ። ካርቦሃይድሬትንም በጅምላ ከመከልከል ይልቅ የደም ስኳርን ቶሎ የሚያሻቅበውን፣ ማለትም ስኳርን፣ ነጭ ዱቄትንና ከእነዚህ የተሠራውን ሁሉ አስወጡ።

የምርጫው መለኪያ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ነበር። ይህ መለኪያ በ1981 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ጄንኪንስና በባልደረቦቻቸው የቀረበ ሲሆን፣ አንድ ምግብ ከተበላ በኋላ የደም ስኳርን በምን ያህል ፍጥነትና መጠን ከፍ እንደሚያደርግ ያነጻጽራል። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የአንድ ምግብ ውጤት እንደ አበሳሰሉ፣ እንደ አፈጫጩና አብሮት እንደሚበላው ነገር ይለያያል። ሆኖም ከሳውዝ ቢች በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ በደንብ ያሳያል። አመጋገቡ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ካርቦሃይድሬቱ ከየት እንደመጣ ነው፤ ስንት እንደሆነ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። አትኪንስ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከግራሙ ነው።

መስመሩ የት ላይ ነው?

የስሙ ግርግር የሚጀምረው ሕጋዊ ድንበር ከሌለው ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የታሸገ ምግብ «ዝቅተኛ ስብ» ተብሎ እንዲሸጥ በአንድ ገበታ መጠን ውስጥ ከ3 ግራም ያልበለጠ ስብ ሊኖረው ይገባል። ይህን የደነገገው የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነው። «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» ለሚለው አገላለጽ ግን ያው መሥሪያ ቤት ቁጥር አስቀምጦ አያውቅም። ስለዚህ ቃሉን አምራቹም፣ ደራሲውም፣ ጋዜጠኛውም በየራሱ ይተረጉመዋል።

በተመራማሪዎች ዘንድ ግን በስፋት የሚሠራበት አከፋፈል አለ። በቀን ከ130 ግራም በታች፣ ወይም ከጠቅላላው ካሎሪ ከ26 በመቶ በታች ካርቦሃይድሬት ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል። ከ26 እስከ 45 በመቶ ያለው መካከለኛ ነው። ከ20 እስከ 50 ግራም ያለው ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ተብሎ ይመደባል፤ ኬቶ የሚገባው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጉበት ስብን ወደ ኬቶን መለወጥ አጠናክሮ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ደረጃ ነው። 130 ግራም የሚለው ቁጥርም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። አንጎል በቀን የሚጠቀመውን ግሉኮስ መነሻ በማድረግ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ለአዋቂ ሰው ይበቃል ብሎ ያስቀመጠው መጠን ነው። ይኸው ኢንስቲትዩት ለተለመደው አመጋገብ ከ45 እስከ 65 በመቶ መድቧል፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ225 እስከ 325 ግራም ማለት ነው።

ችግሩ ሁሉም ጥናት ይህን መስመር አለመከተሉ ነው። በ2018 ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ ላይ የወጣና ከ15,000 በላይ አሜሪካውያንን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት «ዝቅተኛ» ያለው ከ40 በመቶ በታች የሆነውን ነው። በዚያ ጥናት ሚዛን ሳውዝ ቢች ዝቅተኛ ይሆናል፤ በ26 በመቶው ሚዛን አይሆንም። የሞት አደጋ በጣም ዝቅ ብሎ የታየው ከ50 እስከ 55 በመቶ አካባቢ በሚበሉት ላይ ነበር። ካርቦሃይድሬቱን በእንስሳት ስብና ፕሮቲን የተኩት የከፋ፣ በእፅዋት የተኩት ደግሞ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ጥናቱ የተከታተለው ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚበሉትን ስለሆነ ምክንያትና ውጤትን ለይቶ አያረጋግጥም። ዜናው ግን «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ዕድሜ ያሳጥራል» ተብሎ ሲናኝ፣ በቀን 20 ግራም የሚበላውም 180 ግራም የሚበላውም በአንድ ቃል ተጠቅልለው ነበር።

ሦስቱ ምዕራፎች በግራም

ሳውዝ ቢች ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ በስሙ ላይ ለመፍረድ ሦስቱንም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ይቆያል። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ስኳር፣ አልኮል፣ ፍራፍሬ ሳይቀር ይቆማል። የሚፈቀደው ጮማ የሌለው ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ ስቡ የተቀነሰለት አይብ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ለውዝ፣ በመጠኑም ጥራጥሬ ነው። ጠዋት ሁለት ዕንቁላል ከቆስጣ ጋር፣ ቀን የዶሮ ሥጋ ከሰላጣ ጋር፣ ማታ ዓሣ ከአበባ ጎመን ጋር የሚበላ ሰው፣ አንድ ጭልፋ ምስር ቢጨምርበት እንኳ ከ100 ግራም ካርቦሃይድሬት በታች በቀላሉ ይውላል። ይህ በየትኛውም ሚዛን ዝቅተኛ ነው።

በሁለተኛው ምዕራፍ የተከለከለው ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ሰውየው የሚፈልገው ክብደት ላይ እስኪደርስ ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንድ ቀን ወስደን እንቁጠር። አንድ መካከለኛ ፖም 25 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ቁራጭ የስንዴ ዳቦ፣ ካልተነጠረ ዱቄት የተጋገረ፣ ወደ 28 ግራም። አንድ ኩባያ ወተት 12። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 20። ግማሽ ኩባያ ያልተፈተገ ሩዝ 22። ቀኑን ሙሉ የተበላው አትክልት 20፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 6። ድምሩ 133 ግራም ይመጣል። ግምታዊ ስሌት ነው፤ ግን ሰውየው አንድም የተከለከለ ነገር ሳይበላ የ130 ግራሙን መስመር እንዳለፈ ያሳያል። ሌላ ፖም ቢጨምር 158 ይደርሳል፤ አሁንም ከመጽሐፉ አልወጣም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የዕድሜ ልክ ነው። ማዮ ክሊኒክ በዚህ ምዕራፍ ካርቦሃይድሬት እስከ 28 በመቶ፣ ማለትም በ2000 ካሎሪ 140 ግራም ገደማ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። ከድንበሩ የሚበልጠው በ10 ግራም፣ ከግማሽ ፖም በማይበልጥ ነገር ነው።

ለሌላው ወገን ሚዛናዊ ለመሆን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ አሜሪካዊ በቀን 270 ግራም ይበላ ከነበረና ወደ 140 ከወረደ ግማሽ ያህሉን ቀንሷል፤ ይህን «ዝቅተኛ» ማለት ምን ነውር አለው? ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም ከቀድሞው ያነሰ መሆንና በራሱ ዝቅተኛ መሆን የተለያዩ ናቸው። ደሞዙ ከቀድሞው የተሻሻለለት ሰው ሁሉ ሀብታም እንደማይባል ማለት ነው። አመጋገብን ከሌላ አመጋገብ ጋር ለማነጻጸርም ሆነ መድኃኒትን ለማስተካከል የሚያገለግለው በራሱ የተለካው ቁጥር ነው።

ሚዛኑ ላይ የታየው ምንድን ነው?

በ2004 አርካይቭስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን ላይ ዶክተር አጋትስተን ራሳቸው የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። 60 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በጊዜው ለኮሌስትሮል ይታዘዝ የነበረውን አመጋገብ፣ ግማሾቹ የእሳቸውን ለ12 ሳምንታት ተከተሉ። የእሳቸውን የተከተሉት በአማካይ 6.2 ኪሎ፣ ሌሎቹ 3.4 ኪሎ ቀነሱ። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ግን የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ፣ ጊዜው አጭር፣ ከተመራማሪዎቹም አንዱ የአመጋገቡ ባለቤት ነበሩ።

መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ8 እስከ 13 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ3.6 እስከ 5.9፣ ሊቀንስ እንደሚችል ተስፋ ይሰጥ ነበር። ይህን ተስፋ የሚያሟላው ግን ስብ ብቻ አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚደርስ ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ስንቅ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራምም ወደ 3 ግራም ውኃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት ሲቆም ይህ ስንቅ ይሟጠጣል፤ ውኃውም በሽንት ይወጣል። በሚዛን ላይ እስከ ሁለት ኪሎ የሚታየው ቅናሽ ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው ምዕራፍ ተጀምሮ ዳቦና ፍራፍሬ ሲመለሱ ከውኃው የተወሰነው ይመለሳል፤ ብዙ ሰውም «ዳይቱ መሥራት አቆመ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ስም መጥራት ይህን ተስፋ መቁረጥ ያባብሰዋል፤ ሰውየው ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ላይ እንዳለ እያመነ ቀድሞውኑ ወደ መካከለኛው ተሻግሯልና።

ረዘም ያሉት ጥናቶች ደግሞ የግራሙ ቁጥር ብቻውን ያን ያህል እንደማይወስን ያሳያሉ። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣ ጥናት 811 ሰዎችን ከ35 እስከ 65 በመቶ ካርቦሃይድሬት ባላቸው አራት አመጋገቦች ላይ መድቦ ሁለት ዓመት ተከታተለ፤ የክብደት ቅናሹ ተቀራራቢ ሆነ። በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነር የመሩት ጥናት 609 ሰዎችን ለዝቅተኛ ስብና ለዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ከፍሎ በዓመቱ መጨረሻ 5.3 ኪሎና 6.0 ኪሎ ቅናሽ አገኘ፤ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ልዩነት የለም ማለት ነው። ሁለቱም ቡድኖች የተሰጣቸው የጋራ ምክር ስኳርንና የተነጠረ ዱቄትን እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ነበር። ይህ ምክር የሳውዝ ቢች እምብርት ነው። ለእኔ አመጋገቡ ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ ነው፤ «ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ስም ሲለጠፍበት ደግሞ ይኸው ዋጋው ተሸፈነ።

ስሙን ማን አጸናው?

ጊዜው ስሙን ለመለጠፍ የተመቸ ነበር። መጽሐፉ በ2003 ሚያዝያ ሲወጣ የአትኪንስ ዝና ጣሪያ ነክቶ ነበር። ዶክተር ሮበርት አትኪንስ የሞቱትም በዚያው ወር ነው። ሃምበርገር ቤቶች ሥጋውን በዳቦ ፋንታ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ይሸጡ ነበር። ሳውዝ ቢች ስብ የሚፈራውን ሰው የሚያግባባ፣ ለዘብ ያለ አትኪንስ ተደርጎ ተወሰደ፤ በሚሊዮኖች ተሸጠ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ይከተሉታል መባሉም ዝናውን አበዛው። ክራፍት የተባለው ግዙፍ ምግብ አምራች በስሙ የመጠቀም ፈቃድ ወስዶ የታሸጉ ምግቦችን ለገበያ አቀረበ።

በ2005 ግን ማዕበሉ ረገበ፤ የአትኪንስ ኩባንያ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሳውዝ ቢች ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በ2015 የንግድ ስሙን ኑትሪሲስተም ገዛው። ኬቶ ገበያውን ሲቆጣጠር ደግሞ፣ 2019 ወደ 2020 በተሻገረበት ሰሞን፣ ዶክተር አጋትስተን ለኬቶ የቀረበ አዲስ የሳውዝ ቢች መጽሐፍ አወጡ። ሐኪም አዲስ ማስረጃ ሲያይ ሐሳቡን ማሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው። ለተራው አንባቢ ግን ውጤቱ ግራ መጋባት ሆነ። ዛሬ አንድ ሰው «ሳውዝ ቢች ላይ ነኝ» ቢል ዝቅተኛ አይደለም የተባለውን የ2003ቱን ይሁን ለኬቶ የቀረበውን፣ ወይም በስሙ የተሸጠውን የታሸገ የንግድ ምግብ ይሁን ከስሙ መለየት አይቻልም።

ለምን ያስጨንቃል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ክኒን የሚውጥ የስኳር ሕመምተኛ የመድኃኒቱ መጠን የተወሰነለት በሚበላው ልክ ነው። በድንገት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ቢገባ የደም ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉትን አዳዲስ መድኃኒቶች የሚወስድ ደግሞ ወደ ኬቶ ቢገባ ኬቶአሲዶሲስ ለተባለው ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ይበልጥ ይጋለጣል። በሁለተኛው ምዕራፍ ካርቦሃይድሬቱ ሲመለስ የመድኃኒቱ ሒሳብ እንደገና ይለወጣል። ሐኪሙ «ዳይት ጀምሬያለሁ» የሚል ቃል ብቻ ከሰማ ሊረዳው አይችልም፤ ምን ያህል ግራም፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የሚለውን ማወቅ አለበት።

ጥቅሙም ቢሆን በቁጥር የታሰረ ነው። በ2021 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ፣ 23 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ያለው ከ130 ግራም ወይም ከ26 በመቶ በታች የሆነውን ነው። በስድስት ወር ውስጥ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም የረገበላቸው ሰዎች 57 በመቶ ደረሱ፤ በንጽጽሩ ቡድን 31 በመቶ ነበሩ። ወደ ዓመቱ ሲጠጋ ልዩነቱ ቀነሰ። ይህን ውጤት አንብቦ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚኖር ሰው ያልተጠናለትን ተስፋ ይዞ ነው የሚሄደው።

በአገራችን ምግብ ላይ የ130 ግራሙ ድንበር ቶሎ ይሞላል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ወደ 73 ግራም የሚጠጋው ካርቦሃይድሬት ሲሆን ከዚያ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ከ200 ግራም ያነሰ ዱቄት የወጣበት እንጀራ ብቻውን፣ ሽሮውም ምስሩም ሳይቆጠር፣ የቀኑን 130 ግራም ይሞላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ጂም ቤት ውስጥ «ካርብ ቀንስ» የተባለ ሰው ምን እንደተባለ ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። እውነተኛው ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ማለት እንጀራን ከሞላ ጎደል መተው ነው፤ መካከለኛው ማለት ደግሞ በልክ መቁረጥ ነው። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ ሙሉ እህል መሆኑ በሳውዝ ቢች ዓይን ከነጭ ዳቦ ያስበልጠዋል፤ የበላነውን መጠን ግን አያስቀርልንም።

ጾመኛም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ዓሣ፣ ዕንቁላልና አይብ ላይ የቆመ አመጋገብ በጾም ወራት አይዘለቅም፤ ኬቶ ደግሞ ከጥራጥሬ ጋር አይስማማም። ሳውዝ ቢች ግን ምስርንና ሽምብራን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልክ ይፈቅዳል። ቆስጣና ጎመን አብዝቶ፣ ምስሩን መጥኖ፣ እንጀራውን አሳንሶ የሚጾም ሰው የዚህን አመጋገብ መንፈስ ሳይጥስ ጾሙን መጨረስ ይችላል። የመጀመሪያውን ጥብቅ ምዕራፍ በሑዳዴ መሐል መጀመር ግን አልመክርም፤ የሚፈቀደው ምግብ እጅግ ስለሚጠብ ረሃብ ያሸንፋል።

ሳውዝ ቢች መጥፎ አመጋገብ ነው እያልኩ አይደለም። ስኳርንና የተነጠረ ዱቄትን አስወጥቶ አትክልትን፣ ጥራጥሬንና ሙሉ እህልን ያቆየ አመጋገብ ከወጡት ሁሉ ከሚሻሉት አንዱ ነው። የምቃወመው በማይመጥነው ስም መጠራቱን ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዳይት የሚጀምር ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ በቀን ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈቅዳል? ይህ መጠን ለስንት ሳምንት ይቆያል? ከዚያ በኋላ ወደ ስንት ይወጣል? የሚሸጠው ወይም የሚያስተምረው ሰው ለሦስቱም መልስ ከሌለው አመጋገቡን ራሱም አያውቀውም ማለት ነው። መልስ ካለው ደግሞ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሳያደርግ አንድም ምግብ አይለውጥ።